ከመቶ ፍሬ አራት ብልሹ ስለ ተገኘበት ናሙና

በምሠራበት ንግድ ቤት ለውጭ አገር ገዢ በተሸጠ ቡና ውል ላይ፥ ብልሹው ፍሬ ከመቶ 5 እንዳይበልጥ ተጽፎ ነበር። ከናሙናው 100 ፍሬ ቈጥረን 4 ብልሹ ብቻ ስላገኘን፥ «ቡናው በውሉ መሠረት ነው» ብዬ ደብዳቤውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ገዢው ግን በወደብ ቢያስቈጥረው ከመቶ 8 ሆኖ ስላገኘው የዋጋ ቅናሽ ጠየቀ። የንግድ ቤቱ ባለቤትም «ማጭበርበር ነው» ብለው ተቈጡ። ነገሩ ግን የማንም ማጭበርበር ላይሆን ይችላል።

አሜሪካዊው ኤድዊን ዊልሰን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1927 ዓ.ም. ባወጣው ስሌት ሲታይ፥ ከ100 ፍሬ 4 ብልሹ መገኘቱ የጠቅላላው ቡና ብልሽት ከመቶ 2 ገደማ እስከ 10 ገደማ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። በዚህ ስሌት የሚወጣ ወሰን ከ20 ጊዜ 19 ጊዜ ያህል እውነተኛውን ቍጥር ያቅፋል። 400 ፍሬ ተቈጥሮ 16 ብልሹ ቢገኝ፥ ወሰኑ ከ2½ እስከ 6½ ገደማ ይጠባል፤ ድካሙ አራት እጥፍ ሲሆን ወሰኑ የሚጠበው በግማሽ ያህል ብቻ ነው። ያም ሆኖ ለ5ቱ ዋስትና አይሰጥም። ከ300 ፍሬ አንድም ብልሹ ባይገኝ እንኳ፥ በጠቅላላው ቡና ከመቶ እስከ 1 ድረስ ሊኖር ይችላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ናሙናው ከየጆንያው በዕጣ ሲወጣ ነው። እኛ ግን (ስናገረው አፍራለሁ) የዘገንነው በመጋዘኑ በር አጠገብ ከነበሩት ሦስት ጆንያዎች ነበር። ዛሬ በደብዳቤዬ ላይ የተቈጠረውን ፍሬ ብዛትና ወሰኑን ጭምር እጽፋለሁ፤ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚጠይቁኝ ገዢዎችም አሉ።