መካኑ ማን ነው? ስለ አንድ ኢንዛይምና ስለ ወንዶች ዝምታ

በአገራችን ባልና ሚስት ተጋብተው ዓመት ሁለት ዓመት ቆይተው ልጅ ካልመጣ ጥያቄው የሚዞረው ወደ ሴቲቱ ነው። ጠበል የምትወሰደው እሷ ናት፤ ስለት የምትሳለው እሷ ናት፤ በሰው ፊት «ማሕፀንሽን ይባርክልሽ» ተብላ የምትመረቀውም እሷው ናት። ባሕር ተሻግረን ስንመጣም ይህን ልማድ ከሻንጣችን ጋር ይዘነው መጥተናል።

ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ አይደለም። በተጋባን በስድስተኛው ዓመት አንድ የክርስትና ድግስ ላይ አንዲት እናት ባለቤቴን አቅፈው እንደዚሁ መረቋት። እሷ አንገቷን ደፍታ «አሜን» አለች። ከዚያ ሦስት ሳምንት በፊት ግን የላቦራቶሪ ውጤት ደርሶን ነበርና ችግሩ የእኔ እንጂ የእሷ አለመሆኑን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። እሷ ለእኔ ክብር ብላ ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ።

ውጤቱ እንዲህ ይላል፦ የዘር ሕዋሳቱ ቁጥር በቂ ነው፤ ቅርጻቸውም ደህና ነው፤ ነገር ግን አብዛኞቹ አይንቀሳቀሱም። ሙያዬ ምሕንድስና ነው፤ ሐኪም አይደለሁም። ሞተሩ ካለ፣ ነዳጁም ካለ፣ ለምን አይነሳም ብሎ መጠየቅ ግን የሙያዬ ልማድ ነውና ማንበብ ጀመርኩ። የወንድ ዘር ሕዋስ እንቅስቃሴ የሚደክምበት ምክንያት ብዙ ነው። ከእነዚህ መካከል ለመረዳት የሚመቸውና የሚያስገርመው ግን የአንድ ኢንዛይም ታሪክ ሆኖ አገኘሁት።

የውስጡ መልእክተኛ

ሕዋስ በሽፋን የታጠረ ግቢ ነው። ብዙ ሆርሞኖች ወደ ውስጥ አይዘልቁም፤ መልእክታቸውን በር ላይ ያስረክባሉ፤ ከውስጥ ያለ ሌላ መልእክተኛ ተቀብሎ ያደርሳል። ይህን የውስጥ መልእክተኛ፣ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለውን ትንሽ ሞለኪውል፣ አሜሪካዊው ኧርል ሰዘርላንድ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያለውም ሁሉ እንዲሁ) አገኘው፤ በ1971ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። መልእክተኛውን የሚሠሩት አዴኒሊል ሳይክሌዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ሲሆኑ በሰው ልጅ ዘንድ 10 ዓይነት ናቸው። ዘጠኙ ሽፋኑ ላይ ተተክለው ከውጭ የሚመጣውን ትእዛዝ ይጠብቃሉ።

አሥረኛው ግን ለየት ያለ ነው። ሽፋን ላይ አልተተከለም፤ ስለዚህም «የሚሟሟው አዴኒሊል ሳይክሌዝ» ይባላል። ምልክቱ በ1975 በአይጥ ቆለጥ ውስጥ ታየ። ኢንዛይሙን አጣርተው ጂኑን የለዩት ግን ኒው ዮርክ በሚገኘው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅ የሚሠሩት ዮኸን ባክና ሎኒ ሌቪን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሲሆኑ ጊዜውም 1999 ነበር። በ2000 ደግሞ ይህን ኢንዛይም የሚቀሰቅሰው ሆርሞን ሳይሆን ባይካርቦኔት መሆኑን አሳዩ።

ባይካርቦኔት እንግዳ ነገር አይደለም። ዳቦ በምንነፋበት ሶዳ ውስጥ አለ፤ አምቦ ውሃ ውስጥም በብዛት አለ። ሰውነታችንም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ዘወትር ይሠራዋል። (አምቦ መጠጣት ልጅ ያስወልዳል ማለቴ አይደለም፤ በደም ውስጥ ያለውን መጠን ሳንባና ኩላሊት አጥብቀው ይቆጣጠሩታል።)

ማብሪያና ማጥፊያው

የወንድ ዘር ሕዋሳት ከቆለጥ ወጥተው በሚቆዩበት ጠመዝማዛ ቱቦ ውስጥ ባይካርቦኔት ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ኢንዛይሙ ዝም ይላል፤ ሕዋሳቱም ጉልበታቸውን ይቆጥባሉ። በግንኙነት ጊዜ ሲወጡ ባይካርቦኔት ከበዛበት ፈሳሽ ጋር ይቀላቀላሉ። ያን ጊዜ ኢንዛይሙ ይነቃል፤ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ይበዛል፤ እሱም ፕሮቲን ካይኔዝ ኤ የተባለውን ሌላ ኢንዛይም ይቀሰቅሳል፤ ጅራቱም በፍጥነት ይመታል። በሴቷ አካል ውስጥ እንቁላሉን ለማዳቀል የሚያበቃቸውን ለውጥ የሚያስጀምረውም ይኸው መንገድ ነው። ያ ለውጥ መኖሩን ኮሊን ኦስቲንና ሚን ቹ ቻንግ የተባሉ ሳይንቲስቶች በ1951 በየፊናቸው ደርሰውበት ነበር። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እንዲሉ፣ ማብሪያው ከጊዜው በፊት ቢበራ ጉልበቱ መንገድ ሳይጀመር ባለቀ ነበር።

ማስረጃው ምንድን ነው? በ2004 ይህ ኢንዛይም የጎደላቸው ወንድ አይጦች የዘር ሕዋስ ቢያመርቱም ሕዋሳቱ ወደፊት መዋኘት ስላልቻሉ መካን መሆናቸው ታተመ። በ2019 ደግሞ የዚሁ ጂን ጉድለት ያለባቸው ሁለት መካን ወንዶች ታሪክ ቀረበ። የዘር ሕዋሳታቸው ሳይክሊክ ኤኤምፒን የሚመስል ንጥረ ነገር በላቦራቶሪ ሲሰጣቸው ተንቀሳቀሱ። ሞተሩ ደህና ነበር፤ የጠፋው ማስነሻው ነው። የጂኑ ጉድለት በሽንት ውስጥ ከሚበዛ ካልሺየም ጋርም የተያያዘ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም ለኩላሊት ጠጠር ያጋልጣል። ኢንዛይሙ በዓይን ውስጥ ግፊትና በመተንፈሻ ቱቦ ጥቃቅን ፀጉሮች እንቅስቃሴም እጁ አለበት።

ማብሪያው ከታወቀ ማጥፋትም ይቻላል። የነባክና ሌቪን ቡድን በ2023 ቲዲአይ-11861 የተባለ ኢንዛይሙን የሚያግድ መድኃኒት ለወንድ አይጦች ሰጠ። አንድ መጠን የዘር ሕዋሳቱን እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል አቆማቸው፤ በማግስቱ ሁሉም ወደ ቦታው ተመለሰ። በ52 ሙከራዎች አንዲትም እንስት አላረገዘችም። ውጤቱ የአይጥ ነው፤ ሰው ዘንድ ለመድረስ ረጅም ፈተና ይጠይቃል። ኢንዛይሙ ሌላም ሥራ ስላለው በየቀኑ ሳይሆን በሚፈለግበት ሰዓት ብቻ የሚወሰድ መሆኑ ግን ተስፋ ይሰጣል። የእርግዝና መከላከያን ሸክም ለዘመናት የተሸከሙት ሴቶች መሆናቸውን ስናስብ ነገሩ ቀላል አይደለም።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እንዳስታወቀው ከስድስት ሰዎች አንዱ በሕይወት ዘመኑ የመካንነት ችግር ይገጥመዋል። ከእነዚህ ጥንዶች ግማሽ ያህሉ ዘንድ የወንዱ ድርሻ አለበት። የወንዱ ምርመራ ደግሞ ከሴቷ ይልቅ እጅግ ቀላል ነው። ታዲያ ሴቲቱ ከሐኪም ሐኪም፣ ከጠበል ጠበል ስትንከራተት ወንዱ አንዲት ብልቃጥ ለመሙላት ለምን ያፍራል? ያንን ሁሉ ዓመት እኔም ያፈርኩ ነኝና ጥያቄው በመጀመሪያ ለራሴ ነው።

ባለፈው ፋሲካ እኚያ እናት ባለቤቴን ሊመርቁ እጃቸውን ሲያነሡ፣ «እማማ፣ ምርቃቱ ለእኔ ይሁን፤ ችግሩ የእኔ ነው» አልኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው አዩኝ፤ ከዚያም እጃቸውን ግንባሬ ላይ አድርገው መረቁኝ። ባለቤቴ ቀና ብላ «አሜን» አለች።

ቸር ይግጠመን።