የጋራ ማስታወሻና ብዙ ፕሮሰሰሮች

አንድ ፕሮግራም የሚጠቅሰው የማስታወሻ አድራሻ እውነተኛው የራም አድራሻ አይደለም። የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት የሆነው ከርነል ሁለቱን የሚያዛምድ ሰንጠረዥ ይይዛል፤ እያንዳንዱ ፕሮሰሰር ደግሞ ለፍጥነት ሲል በቅርብ የተጠቀመባቸውን አድራሻዎች «ቲ.ኤል.ቢ.» በተባለ አነስተኛ መዝገብ ያስቀምጣል።

ችግሩ የሚነሣው የአንድ ፕሮግራም የሥራ ክሮች በበርካታ ፕሮሰሰሮች ላይ በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ነው። አንደኛው ክር የማስታወሻ ገጽ ሲለቅ ሰንጠረዡ ይታረማል፤ በሌሎቹ ፕሮሰሰሮች መዝገብ የቀረው አሮጌ አድራሻ ግን በራሱ አይጠፋም። ገጹ ለሌላ ፕሮግራም ከተሰጠ በኋላ በአሮጌው አድራሻ ቢሠራበት የአንዱ ምሥጢር በሌላው ይነበባል፤ መረጃውም ይበላሻል። ስለዚህ ከርነሉ በብዙ ማሽኖች ላይ ለሌሎቹ ፕሮሰሰሮች የማቋረጫ ምልክት ልኮ አሮጌውን ያሰርዛል፤ መሰረዙን ሳያረጋግጥም ገጹን ለሌላ አይሰጥም።

ይህ ጥንቃቄ ጊዜ ይወስዳል፤ ፕሮሰሰሮቹ በበዙ ቁጥርም መጠባበቁ ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሊኑክስ 2.0 ብዙ ፕሮሰሰሮችን መደገፍ ሲጀምር ከርነሉን የሚጠብቀው አንድ ትልቅ ቁልፍ ነበር፤ እርሱም ሙሉ በሙሉ የተወገደው በ2011 ነው። በ2023 የወጣው ሊኑክስ 6.4 ደግሞ ለእያንዳንዱ የማስታወሻ ክልል የራሱን ቁልፍ ስላበጀ፣ ገጽ የሚጠይቁ ክሮች ብዙውን ጊዜ የፕሮግራሙን የጋራ ቁልፍ ከመጠበቅ ድነዋል።

የሊኑክስ ምንጭ ኮድ ለሁሉም ክፍት በመሆኑ፣ ተማሪዎች ይህን የቁልፍ ታሪክ ከራሱ ከኮዱ ሊከታተሉት ይችላሉ።