የአባሰንጋ ሁለቱ ቀለበቶች

አባሰንጋ ከብት አርቢ ሁሉ የሚፈራው በሽታ ነው። ጠዋት ደህና ሆኖ የተሰማራ በሬ ማታ ሞቶ ይገኛል፤ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም ይፈስሳል። አምጪው ባሲለስ አንትራሲስ የተባለ ባክቴሪያ መሆኑን ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1876 አሳይቷል። ይህን ያህል ፈጥኖ የሚገድል ፍጡር ሁለመናው ገዳይ ይመስላል። የዘረመል ጥናት ያረጋገጠው ግን ሌላ ነው። ገዳይነቱ በአብዛኛው የተቀመጠው ከዋናው ክሮሞዞም ውጭ ባሉ ሁለት ትናንሽ የዲኤንኤ ቀለበቶች ላይ ነው። ክትባቱ በሽታ ሳያመጣ እንዴት እንደሚከላከል የሚገባንም እነዚህን ቀለበቶች ስናውቅ ነው።

የባክቴሪያው ክሮሞዞም 5.2 ሚሊዮን ያህል ጥንድ ቤዞች አሉት፤ ሙሉ ቅደም ተከተሉ እ.ኤ.አ. በ2003 ታትሟል። ይህ ክሮሞዞም አፈር ውስጥ ከሚኖረውና ባደረ ሩዝ ሆድ በማሳመም ከሚታወቀው ከባሲለስ ሴሬየስ ክሮሞዞም ጋር እጅግ ይቀራረባል። አባሰንጋን አባሰንጋ የሚያደርጉት ፕላዝሚድ የሚባሉት ቀለበቶች ናቸው። ፒኤክስኦ1 የተባለው 182,000 ያህል ጥንድ ቤዞች ሲኖሩት የሦስት ፕሮቲኖችን ዘረመል ይዟል። አንደኛው ፕሮቲን ከእንስሳው ሴል ላይ ተጣብቆ በር ይከፍታል፤ ሁለቱ በዚያ በር ይገባሉ። ከገቡት አንዱ እብጠት ያመጣል፤ ሌላው ሴሉ መልእክት የሚያስተላልፍበትን መንገድ ቆርጦ የሰውነትን መከላከያ ያሽመደምዳል። በር ከፋቹ ከሌለ ሁለቱ ምንም ማድረግ አይችሉም። ፒኤክስኦ2 የተባለው ደግሞ ወደ 95,000 ጥንድ ቤዞች አሉት፤ ሥራው ባክቴሪያውን ነጭ የደም ሴሎች እንዳይውጡት የሚሰውር ሽፋን ማልበስ ነው። አንደኛው ቀለበት መርዙን፣ ሌላው ጋሻውን ይሰጣል ማለት ነው። ስለዚህ አንዱ ቢጎድል ገዳይነቱ እጅግ ይቀንሳል። የትኛው እንደጎደለ ግን ትልቅ ልዩነት ያመጣል፤ የክትባቱ ታሪክም የሚዞረው በዚህ ላይ ነው።

ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ1880ዎቹ መጀመሪያ ባክቴሪያውን ከ42 እስከ 43 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀት ውስጥ በማሳደግ አዳከመው። በክትባቱ ብዙ ከብት ተርፏል፤ ነገር ግን አንዳንዴ የተከተበውን እንስሳ ራሱን ይገድል፣ አንዳንዴም ሳይከላከል ይቀር ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1983፣ ተመራማሪዎች እንዲህ ያለው ሙቀት ፒኤክስኦ1ን እንደሚያስጥል ደረሱበት። ሙቀቱ ያጠፋው የመርዙን ቀለበት ነበር። ሰውነት መከላከል የሚማረው በዋናነት በር ከፋቹን ፕሮቲን አይቶ ስለሆነ፣ መርዙን ያጣ ባክቴሪያ የሚያስተምረው ነገር የለውም። በፓስተር ክትባት ውስጥ ይከላከል የነበረው ቀለበቱን ያልጣለው ጥቂት ቅሪት ሳይሆን አይቀርም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ በኦንደርስተፖርት የእንስሳት ጤና ተቋም ይሠራ የነበረው ማክስ ስተርን ግን በ1930ዎቹ ሌላ መንገድ ያዘ። ባክቴሪያውን ሴረም ባለበት ምግብና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በበዛበት አየር አሳድጎ ሽፋን የሌላቸውን ለየ። ከእነዚህ የተገኘው 34ኤፍ2 የተባለው ዝርያ ፒኤክስኦ2ን ያጣ፣ ፒኤክስኦ1ን ግን የያዘ ነው። መርዙን በጥቂቱ ያመርታል፤ ጋሻ ስለሌለው ግን ሰውነት ያጠፋዋል፤ ሲያጠፋውም መከላከልን ይማራል። ዛሬም በዓለም ላይ በብዛት ለከብት የሚሰጠው ይኸው ዝርያ ነው።

ፓስተርም ሆነ ስተርን ስለ ፕላዝሚድ ሳያውቁ ክትባት ሠርተዋልና ዘረመሉን ማወቅ ምን ይጨምራል የሚል ይኖራል። ክርክሩ እውነት አለው፤ ስተርን የሠራው በዓይኑ አይቶ በመለየት ነው። ነገር ግን ለምን አንዱ ክትባት እንደወላወለ፣ ሌላው ለምን እንደጸና ማስረዳት የተቻለው ቀለበቶቹ ከታወቁ በኋላ ነው። ሕያው ክትባት ተመልሶ ይከፋ ይሆን ለሚለው ስጋትም መልስ የሚገኘው ከዚሁ ነው። አንድ ፊደል ብቻ የተቀየረበት ዘረመል ወደ ቀድሞው ሊመለስ ይችላል፤ ሙሉ በሙሉ የጠፋ ቀለበት ግን በዘረመል ለውጥ ብቻ እንደገና አይፈጠርም። ይህ ማለት ክትባቱ ፍጹም ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። መርዙ ስላለ የተወጋው ቦታ ሊያብጥ ይችላል፤ በተለይ ፍየሎች ላይ ሊከብድ ስለሚችል ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሁሉንም ነገር በሁለት ቀለበቶች ማሳበብ ነገሩን ማቃለል ነው የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ይመዝናል። ክሮሞዞሙም ድርሻ አለው፤ ስፖር የሚሠራው፣ ማለትም ባክቴሪያውን አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት የሚያቆየው ዘረመል ያለው እዚያ ነው። ሆኖም በኮትዲቯር የታይ ጫካ ቺምፓንዚዎችን የገደለው ባክቴሪያ ሲመረመር ክሮሞዞሙ የባሲለስ ሴሬየስ፣ የያዛቸው ቀለበቶች ግን የአባሰንጋን ሁለት ቀለበቶች የሚመስሉ ሆነው ተገኙ። በሽታውም አባሰንጋን የሚመስል ነበር። ከዚህ የጠነከረ ምስክር ለማግኘት ይከብዳል።

ለአርቢው ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ተግባር ግልጽ ነው። ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ለአገራችን ከብቶች የአባሰንጋ ክትባት ያዘጋጃል። ክትባቱ ሕያው ባክቴሪያ ስለሆነ በክትባቱ ሰሞን ፔኒሲሊንን የመሰለ መድኃኒት ለከብቱ መስጠት ክትባቱን መግደል ነው። መከላከያው ስለሚደክም በየዓመቱ ይደገማል። በድንገት ሞቶ ደም የሚፈሰውን ከብት አትክፈቱት፣ ቆዳውን አትግፈፉት፣ ሥጋውን አትብሉት፤ በደሙ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ አየር ሲያገኝ ስፖር ይሆናል፤ ስፖሩም ያንን ግጦሽ ለዓመታት ይበክላል። ሳትቆዩ ለአካባቢያችሁ የእንስሳት ሐኪም አሳውቁ፤ ሬሳው በጥልቅ ይቀበር ወይም ይቃጠል።