ስለ ደም መጣጭ ሙት የተሠሩ የቀድሞና የዛሬ ሲኒማዎች

ክፉ ነገር ሁልጊዜ በክፉ መልክ አይመጣም፤ ስለዚህም መልካሙን ከክፉው ለይቶ ማወቅ በቤተ ሰብ ውስጥ ከሕፃንነት ጀምሮ ሊለመድ የሚገባው ጥበብ ነው። ይህንንም ለማስረዳት፤ ፈረንጆች ቫምፒር ስለሚሉት፤ ይኸውም ከመቃብር እየተነሣ የሕያዋንን ደም ይመጥጣል ስለሚባለው ሙት የተሠሩትን የቀድሞና የዛሬ ሲኒማዎች ልናመዛዝን ወደድን። ዓመቶቹም ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የብዙዎቹ ምንጭ የአየርላንድ ተወላጅ የነበረው ብራም ስቶከር በ1897 ያሳተመው ድራኩላ የሚባለው መጽሐፍ ነው። ሙርናው የተባለው ጀርመናዊ ከዚሁ መጽሐፍ ታሪኩን ወስዶ ስሞቹን በመለወጥ፤ ኖስፌራቱ የተባለውን ድምፅ የሌለው ሲኒማ በ1922 አወጣ። ሲኒማው ያለ ፈቃድ ስለ ተሠራ የሟቹ የስቶከር ሚስት ከሳ፤ በ1925 ቅጂዎቹ እንዲጠፉ በጀርመን አገር ተፈረደ፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ ስለ ተረፉ እስከ ዛሬ ይታያል።

በዚህ ሲኒማ ደም መጣጩ ራሱ መላጣ፤ ጣቶቹ ረጃጅም፤ መልኩም የሚያስፈራ ነው፤ በሄደበትም አይጥና ቸነፈር ይከተሉታል። በመጨረሻም አንዲት ወጣት ባለትዳር ሕይወትዋን አሳልፋ ሰጥታ ዶሮ እስኪጮኽ አቆየችውና የፀሐይ ብርሃን አጠፋው። በስቶከር መጽሐፍ ግን ድራኩላ በቀን መመላለስ ይችል ነበር።

በ1931 ቶድ ብራውኒንግ በአሜሪካ ድራኩላን ሲያወጣ፤ በሀንጋሪ አገር የተወለደው ቤላ ሉጎሲ ያማረ ልብስ ለብሶ በትሕትና እየተናገረ ታየ። ክፋቱ ከበሬታን ተላበሰ፤ ሆኖም ተመልካቹ ጠላትነቱን አልሳተም።

በኋላ ዘመን ግን ነገሩ ተለወጠ። በ1994 ኒል ጆርዳን ባወጣው ሲኒማ ደም መጣጩ ራሱ ኀዘኑን ይተርካል። በ2008 ካትሪን ሃርድዊክ ባወጣችው ቱዋይላይት በሚባለው ደግሞ ደም መጣጩ መልከ መልካም ጐልማሳ ሆኖ፤ የሰው ደም ትቶ በአራዊት ደም ይኖራል፤ አንዲት ልጃገረድም ትወደዋለች። የቀድሞውን ያጠፋ የፀሐይ ብርሃን ይህን እንደ አልማዝ ያብለጨልጨዋል። በዚያው ዓመት ቶማስ አልፍሬድሰን በስዊድን ያወጣው ሲኒማ፤ ባልንጀሮቹ የሚያሠቃዩት የ12 ዓመት ልጅ ከአንዲት ደም መጣጭ ጋር መወዳጀቱን ያሳያል። እርስዋም ግቢ ካልተባለች ወደ ሰው ቤት መግባት አይሆንላትም።

እኛ ከአዲሶቹ ይህን እናስበልጣለን፤ ርኅራኄን ሲያሳድር የፈሰሰውን ደም አይሸሽግምና። የቀድሞዎቹ በር መዝጋትን አስተማሩ፤ የዛሬዎቹ የሚያንኳኳውን ማዳመጥን ያስተምራሉ። ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ ነገር ግን ማዘን ሌላ፤ ማመን ሌላ ነው። እንግዲህ ወላጆች ለአካለ መጠን ከደረሱ ልጆቻቸው ጋር እንዲህ ያለውን ሲኒማ ሲያዩ፤ «ይህ ያማረ ሰው የሚኖረው በማን ደም ነው?» ብለው ይጠይቋቸው። ይህን መጠየቅ የለመደ ልጅ በሩን ለማን እንደሚከፍት ያውቃል።