በመንገድ ገንዘብ የተሠራው ፊልም
የሕንዳዊው የፊልም አዘጋጅ የሳትያጂት ራይ ሕይወትና ሥራ

በሕንድ አገር በምዕራብ ቤንጋል መንግሥት መዝገብ ላይ ለመንገድ ማሻሻያ ተብሎ የተጻፈ አንድ ገንዘብ ነበረ። በዚህ ገንዘብ ግን ድንጋይ አልተፈለጠበትም፥ ድልድይም አልተዘረጋበትም። የተሠራበት «ፓቴር ፓንቻሊ» የተባለ ፊልም ነው፤ ትርጓሜውም «የትንሿ መንገድ ዜማ» እንደ ማለት ነው። ይህ ፊልም የሕንድን ሲኒማ በዓለም ፊት ያስከበረ ሲሆን፥ አዘጋጁም ከዚያ በፊት አንድም ፊልም ሠርተው የማያውቁ የማስታወቂያ ድርጅት ሠራተኛ ነበሩ።

ሳትያጂት ራይ የተወለዱት በካልካታ ከተማ ሜይ 2 ቀን 1921 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚነሡት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አያታቸው ኡፔንድራኪሾር ራይ ቾውዱሪ ደራሲ፥ ሠዓሊና የማተሚያ ቤት ባለቤት ነበሩ። አባታቸው ሱኩማር ራይም ለልጆች በጻፏቸው አስቂኝ ግጥሞች ዝና ያተረፉ ሰው ናቸው። ይሁን እንጂ አባትየው በ1923 በሞት ሲለዩ ልጃቸው ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላም የቤተ ሰቡ ማተሚያ ቤት ከስሮ ስለ ተዘጋ፥ እናትና ልጅ ከዘመድ ቤት ተጠግተው ለመኖር ተገደዱ።

ወጣቱ ራይ በካልካታ ፕሬዚደንሲ ኮሌጅ የኤኮኖሚ ትምህርት ከፈጸሙ በኋላ፥ በእናታቸው ምክር ባለቅኔው ታጎር ወዳቋቋሙት የሻንቲኒኬታን ትምህርት ቤት ገብተው የሥዕል ጥበብ ተማሩ። በ1943 ኬይመር በተባለ የእንግሊዞች የማስታወቂያ ድርጅት ውስጥ በወር 80 ሩፒ ደመወዝ ተቀጠሩ። ከዚሁ ሥራ ጋር ደግሞ የመጻሕፍት ሽፋን ይሥሉ ነበር። ከነዚህም መጻሕፍት አንዱ ቢቡቲቡሻን ባንዶፓድያይ ስለ አንድ ድኻ የገጠር ቤተ ሰብ የጻፉት «ፓቴር ፓንቻሊ» የተባለው ልብ ወለድ፥ ለልጆች ባጠረው እትሙ ነው። የፊልሙ አሳብም የተጠነሰሰው ያን ጊዜ ነበር።

በ1947 ከወዳጆቻቸው ጋር ሆነው የካልካታን የፊልም ማኅበር መሠረቱ። በ1949 የፈረንሳዩ የፊልም አዘጋጅ ዣን ሬኑዋር ለሥራ ወደ ቤንጋል በመጡ ጊዜ፥ ራይ የፊልሙን ቦታ በመፈለግ ረዷቸው፤ የልባቸውንም አሳብ አጫወቷቸው። በ1950 ድርጅታቸው ለሥራ ወደ ሎንዶን ሲልካቸው፥ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ መቶ የሚጠጉ ፊልሞችን ተመለከቱ። ከነዚያ ሁሉ ይልቅ የቪቶርዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» ልባቸውን ነካው። ስመ ጥር ተዋናይና የተዋበ አዳራሽ ሳይኖር፥ በመንገድ ላይ በሚታየው እውነተኛ ኑሮ ብቻ ፊልም መሥራት እንደሚቻል በዚያ ተረዱ።

አሳቡ ቢበስልም ገንዘቡ አልተገኘም። የፊልም ነጋዴዎቹ ዘፈንና ጭፈራ የሌለበትን፥ ዝነኛ ተዋናይ ያልገባበትን ሥራ ለማውጣት አልደፈሩም። ስለዚህ ራይ በሕይወት ኢንሹራንሳቸው ተበደሩ፤ ያከማቿቸውን የሙዚቃ ሸክላዎች ሸጡ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ቢጆያም ጌጣቸውን በመያዣ ሰጡ። ሥራው በኦክቶበር 1952 ተጀመረ። ካሜራውን የያዙት ሱብራታ ሚትራ ወጣት ሲሆኑ፥ የፊልም ካሜራ ከዚያ በፊት ይዘው አያውቁም ነበር። የመጀመሪያው ቀን ሥራ የተነሣው ነጭ አበባ ባለው የሣር ሜዳ ውስጥ ነው። በሚቀጥለው እሑድ ተመልሰው ቢሄዱ ግን ከብቶች ሣሩን በልተው ጨርሰውት አገኙ፤ ሣሩ እንደ ገና እስኪያብብ ድረስም የሚመጣውን ወራት መጠበቅ ግድ ሆነ።

እንዲህ እያለ ሥራው ገንዘብ ሲገኝ እየቀጠለ፥ ሲታጣ እየቆመ ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ፈጀ። በዚህ መካከል የልጁ ድምፅ ሳይጎረንን፥ እኅቱ አድጋ መልኳ ሳይለወጥ፥ የሰማንያ ዓመት ገደማ የነበሩት ተዋናይት ቹኒባላ ዴቪም ሳይሞቱ መቆየታቸውን ራይ እንደ ተአምር ይቆጥሩት ነበር።

በመጨረሻ ጉዳዩ የምዕራብ ቤንጋል ዋና ሚኒስትር ከነበሩት ከዶክተር ቢዳን ቻንድራ ሮይ ዘንድ ቀረበ። ሹማምንቱ ፊልሙን ስለ ገጠር ልማት የሚያስተምር ሥራ አድርገው ገምተውት ነበር፤ ርዳታው ለመንገድ ተብሎ የተመዘገበውም በዚህ ምክንያት ነው። መጨረሻውም ወደ ደስታ እንዲለወጥ አሳብ ቢቀርብ ራይ አልተቀበሉትም። ይሁን እንጂ ገንዘቡ አልተከለከለም፤ መንግሥቱም የፊልሙ ባለቤት ሆነ። የሙዚቃው ሊቅ ራቪ ሻንካር ዜማውን በአንድ ሌሊት አዘጋጁለት። ፊልሙ በሜይ 1955 በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም፥ በኦገስት ወር ደግሞ በካልካታ ታየ። በመጀመሪያ ተመልካቹ ጥቂት ቢሆንም፥ ያየ ላላየ እየነገረ አዳራሹ ሞላ። በ1956 በካን ከተማ በተደረገው የፊልም በዓል ስለ ሰው ልጅ ኑሮ በመመስከሩ ልዩ ሽልማት ተሰጠው፤ በኒው ዮርክም በ1958 ወጥቶ ስምንት ወር ያህል ሳይወርድ ታየ።

ከዚያ በኋላ ራይ የማስታወቂያውን ሥራ ትተው ለፊልም ብቻ ተሰለፉ። ሁለተኛው ፊልም «አፓራጂቶ» በ1957 የቬኒስን የወርቅ አንበሳ ተሸለመ፤ በ1959 የወጣው «አፑር ሳንሳር» ሦስትነቱን ፈጸመ። በ1963 የወጣው «ማሃናጋር» ደግሞ የቤቷን ኑሮ ለመደገፍ የሽያጭ ሠራተኛ ስለ ሆነች ሴትና፥ ባንኩ ስለ ተዘጋበት ባሏ የሚናገር ሲሆን፥ በበርሊን በአዘጋጅነት የብር ድብ አስገኝቶላቸዋል። ራይ ድርሰቱን ራሳቸው ይጽፋሉ፥ ትርኢቱን አስቀድመው በሥዕል ይነድፋሉ፤ ከ1961 ጀምሮም ዜማውን ራሳቸው ይደርሱ ነበር። በዚህም ብዙ ወጪ ሳያወጡ ይሠሩ ነበር።

ነቃፊም አላጡም። በ1980 ዝነኛዋ ተዋናይትና የምክር ቤት አባል ናርጊስ፥ ራይ የሕንድን ድህነት ለውጭ አገር ያቀርባሉ ብለው ወቀሷቸው። ይሁን እንጂ የራይን ሥራ አስተውሎ የተመለከተ ሰው በዚያ ድህነት ውስጥ የሚያየው ልመናን ሳይሆን የሰውን ክብር ነው። በ1983 የልብ ሕመም ጸንቶባቸው ሥራቸው ቢቀንስም፥ የመጨረሻ ፊልማቸውን በ1991 ፈጽመዋል። በ1992 የአሜሪካ የፊልም አካዳሚ የክብር ኦስካር፥ አገራቸውም ባራት ራትና የተባለውን ከፍተኛ የክብር ሽልማት ሰጠቻቸው። ኤፕሪል 23 ቀን 1992 በካልካታ ዐረፉ።

ሰውየው ካለፉ በኋላ ሥራቸውም ከመጥፋት ጥቂት ነበር የቀረው። በ1993 በሎንዶን በአንድ የፊልም ማጠቢያ ቤት እሳት ተነሥቶ፥ የብዙዎቹን ፊልሞች ዋና ኔጋቲቭ አቃጠለ። አካዳሚው ግን የተኮማተረውን ቅሪት አልጣለውም፤ አስቀመጠው። ከሃያ ዓመታት በኋላ በኢጣልያ በቦሎኛ ከተማ ባለሙያዎች ያን ደረቅና ተሰባሪ ፊልም አለስልሰው፥ በእጃቸው አንድ በአንድ እየጠገኑ፥ የጠፋውንም ከሌላ ቅጂ እየሞሉ አዳኑት። በ2015 «ፓቴር ፓንቻሊ» ከስድሳ ዓመት በፊት በታየበት በዚያው በኒው ዮርክ ሙዚየም እንደ ገና ታየ።

የዚህ ፊልም ታሪክ የአንድ ሰው ትዕግሥት ታሪክ ብቻ አይደለም። የነጋዴው ሒሳብ ኪሳራ ብሎ የተወውን አንድ መንግሥት፥ ምንነቱን በሚገባ ሳይረዳው እንኳ፥ ከፍጻሜ አደረሰው። በእሳት የተለበለበውንም፥ አይረባም ብሎ ያልጣለ መዝገብ ቤት አተረፈው። ለመንገድ ተብሎ የወጣው ያ ገንዘብ፥ አንዲት የቤንጋል መንደር ወደ ዓለም ሁሉ የምትወጣበትን መንገድ ጠርጓል።