ስለ ተረከዝ ሕመምና ስለ ጧቱ የመጀመሪያ እርምጃ

ከሰውነታችን ክፍሎች ሁሉ እግርን የሚያህል ታማኝ አገልጋይ፥ እንደ እርሱም የተረሳ የለም። ዓይናችን ቢደክም መነጽር እንፈልግለታለን፤ ጥርሳችን ቢያመን ሐኪም ዘንድ እስክንደርስ እንቅልፍ የለንም፤ እግራችን ግን ቢያመን “መንገድ አድክሞኝ ነው” ብለን እናልፈዋለን። ዛሬ በዚህ ገጽ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርበው የወደድነው፥ ብዙ ሰው ለማንም ሳይናገር ይዞት የሚዞረውን የተረከዝ ሕመም ነገር ነው። የምንጽፈውም ከሊቃውንት የተማርነውን ብቻ ሳይሆን በራሳችን እግር ላይ የደረሰውን ጭምር ነው።

እኛ የምንኖረው በከፋ፥ በቦንጋ ከተማ ነው፤ ሥራችንም የፍርድ ቤት ጸሓፊነት ነው። ቦንጋን ያየ እንደሚያውቀው ከተማዪቱ በኮረብታ ላይ የተሠራች ናት፤ ስለዚህ ከቤት ወደ ሥራ፥ ከሥራም ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው ወይ ዳገት ይወጣል፥ ወይ ቁልቁለት ይወርዳል። ዕድሜያችን ከአርባ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ጧት ከመኝታችን ተነሥተን ቀኝ እግራችንን መሬት ባስረገጥነው ጊዜ፥ ተረከዛችንን ሚስማር የወጋው መሰለን። ጥቂት ከተራመድን በኋላ ሕመሙ ለቀቅ አደረገን፤ እኛም ረሳነው። በማግሥቱም፥ በሣልስቱም እንዲሁ ሆነ።

አንድ ቀን ግን ችሎት ተሰይሞ ሳለ፥ ለረጅም ሰዓት ተቀምጠን መዝገብ ስንጽፍ ቈይተን ነበርና፥ ዳኞቹ ሲወጡ ሌላው ሰው ሁሉ ብድግ ሲል እኛ ጠረጴዛውን ጨብጠን እንደ ጐበጥን ቀረን። ሌላውን ቁም የሚል ሰው ራሱ መቆም ሲያቅተው ማየት ለባለ ጉዳዩ እንግዳ ነገር ነበር። የፍርድ ቤቱን ክብር እንደ ናቅን እንዳይቈጠርብን ፈራን፤ ከሕመሙም ይልቅ ያ እፍረት ጐዳን።

ከዚህ በኋላ ሰው ሁሉ የሚሠራውን ስሕተት ሁሉ ሠራን። መጀመሪያ ወጌሻ ዘንድ ሄደን አሳሸን፤ ሕመሙ ባሰ። ቀጥሎ ሐኪም ሳናማክር የሕመም ማስታገሻ ክኒን ገዝተን ብንውጥ ጨጓራችንን አቃጠለን። አንዱ “በጋለ ብረት ተተኰስ” ሲለን፥ ሌላው “ተረከዝህ ውስጥ አጥንት በቅሎ ነውና ካልተቈረጠ አይድንም” አለን። በዚህ ዓይነት 5 ወር አለፈ።

በመጨረሻ ወደ ሕክምና በሄድን ጊዜ ተራ ይጠብቁ ከነበሩት መካከል ከገጠር የመጡ አንዲት እናት አጠገባችን ተቀምጠው ነበር። ቡና ለቅመው፥ በጀርባቸው ተሸክመው ለገበያ የሚያወርዱ ናቸው። ሕመማቸውን ብንጠይቃቸው፥ “ልጄ፥ ሌሊቱን ደኅና አድሬ ጧት ስነሣ ነው የሚገድለኝ። በእሳት አስተኰስሁት፤ ቍስሉ ዳነ፥ ሕመሙ ግን አልዳነም” አሉን። የእኛም የእርሳቸውም ነገር አንድ መሆኑን ያን ጊዜ አወቅን።

የመረመረን ወጣት ባለሙያ ተረከዛችንን ከሥር፥ ወደ ውስጥ በኩል ባለው ስፍራ በአውራ ጣቱ ቢጫነው ከወንበሩ ልንዘል ደረስን። እርሱም፥ “ጋሼ፥ ቦታው ይኸው ነው። አጥንትዎ ደኅና ነው፤ የደከመው ጅማቱ ነው። ዋናው መድኃኒት ግን በእኔ እጅ ሳይሆን በእርስዎ እጅ ነው ያለው” አለን። ነገሩን እንዲህ አድርጎ አስረዳን።

ከተረከዝ አጥንት ሥር ተነሥቶ እስከ ጣቶቻችን መነሻ ድረስ የሚዘረጋ ወፍራምና ብርቱ ጅማት አለ። ጥጥ የሚነደፍበትን ደጋን ጅማቱ ወጥሮ እንደሚይዘው፥ ይህም የውስጥ እግራችንን ጕብጠት ወጥሮ ይይዛል፤ በእያንዳንዱም እርምጃ የሰውነታችንን ክብደት ይሸከማል። ሌሊት ስንተኛ እግራችን ወደ ታች ይዘረጋልና ጅማቱ አጥሮ ያድራል፤ ጧት በድንገት ስንቆምበት ያጠረው በአንድ ጊዜ ስለሚሳብ ያ እንደ ሚስማር ያለ ሕመም ይመጣል። ረጅም ጊዜ ተቀምጦ የተነሣ ሰውም የሚያመው ስለዚሁ ነው።

ሐኪሞች ይህን ሕመም ፕላንታር ፋሺያይቲስ ይሉታል። ስሙ የጅማት መቈጣት ማለት ነው። ነገር ግን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. በአሜሪካ ከ50 ሕሙማን በቀዶ ሕክምና የተወሰደው ጅማት ሲመረመር፥ የተገኘው የመቈጣት ምልክት ሳይሆን የጅማቱ መጐዳትና መድከም ነው። የደከመ ነገር ደግሞ በአንድ ሌሊት አይታደስም። ከ10 ሰዎች 1 ያህሉን በዕድሜው ውስጥ ይህ ሕመም እንደሚያገኘው ይገመታል፤ ይልቁንም ከ40 እስከ 60 ዓመት ያሉትን፥ በደረቅ ወለል ላይ ቆመው የሚውሉትን፥ ክብደት የበዛባቸውን፥ የባታቸው ጅማት የተኮማተረባቸውንና ሳይለምዱ በድንገት ብዙ የሚሄዱትን ያጠቃል።

በቀለ ስለሚባለው አጥንትም እውነቱ ይህ ነው። በራጅ ሲታይ በተረከዝ ሥር እንደ እሾኽ ያለ ትንሽ አጥንት የሚገኝበት ሰው ብዙ ነው፤ ከእነርሱም መካከል ምንም ሕመም የሌለባቸው አሉ። ስለዚህ እሾኹን አይቶ “ቍረጡልኝ” ማለት፥ ምስክር ሳይሰሙ ፍርድ እንደ መስጠት ያለ ነው።

አንዳንድ ሰው ደግሞ፥ “አባቶቻችን በባዶ እግር ሲሄዱ ይህ ሕመም የት ነበር? አበበ ቢቂላስ በ1952 ዓ.ም. በሮም ማራቶንን ያሸነፈው በባዶ እግሩ አይደለምን?” ይላል። እውነት ነው። ነገር ግን ይኸው አበበ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ጫማ አድርጎ ሮጦ ዳግመኛ አሸንፏል። ከሕፃንነቱ ጀምሮ በለስላሳ አፈር ላይ የተራመደ እግርና ዛሬ በሲሚንቶና በአስፋልት ላይ የሚውል የእኛ እግር አንድ አይደሉም። ከዚህም በላይ ዝናብ በሚበዛበትና አፈሩ ቀይ በሆነው ደጋና ወይና ደጋ አገራችን በባዶ እግር ለብዙ ዓመት መሄድ እግርን የሚያሳብጠውን የዝሆኔ በሽታ ያመጣል። ስለዚህ ባዶ እግር መሄድን መድኃኒት ብለን አንመክርም። ነገር ግን ሶላቸው እንደ ወረቀት የሳሳ ሸበጥና ኮንጎ ጫማም ለታመመ ተረከዝ ረዳት አይሆኑም። የሚሻለው ተረከዙ ጥቂት ከፍ ያለ፥ ሶሉ ወፍራም ሆኖ የማይደርቅ፥ የውስጥ እግርንም ጕብጠት የሚደግፍ ጫማ ነው። አዲስ ለመግዛት ያልተቻለው ሰው ለስላሳ ገበር ከተረከዙ ሥር ቢያደርግ ይጠቅመዋል፤ በቤትም ውስጥ በሲሚንቶ ወለል ላይ ያለ ጫማ አይቁም።

አሁን ወደ ሕክምናው እንመለስ። አንደኛው፥ ጧት ከአልጋ ሳይወርዱ የሚሠራ ነው። ተቀምጦ የታመመውን እግር በሌላው ጕልበት ላይ ማስቀመጥ፤ ከዚያም የውስጥ እግሩ ጅማት ተወጥሮ እስኪታወቅ ድረስ ጣቶቹን በእጅ ይዞ ወደ ቅልጥም መሳብ፤ እስከ 10 ቈጥሮ መልቀቅ። ይህን 10 ጊዜ መደጋገም፥ በቀንም 3 ጊዜ ማድረግ ነው። ማጐንበስ የሚያስቸግረው ሰው መቀነት ወይም ነጠላ በእግሩ ጫፍ ላይ አዙሮ ሊስብ ይችላል። ሁለተኛው፥ ግድግዳ ተደግፎ የታመመውን እግር ወደ ኋላ ማድረግ፤ ተረከዙን ከመሬት ሳያነሡ ጕልበቱንም ሳያጥፉ ባቱን መወጠር ነው። ሦስተኛው፥ ሕመሙ ረገብ ካለ በኋላ ጅማቱን የሚያበረታ ነው። የተጠቀለለ ጨርቅ ከጣቶች ሥር አድርጎ በደረጃ ጫፍ ላይ መቆም፤ 3 እየቈጠሩ ተረከዝን ማንሣት፥ 2 ቈጥሮ መቈየት፥ 3 እየቈጠሩ ማውረድ ነው። ይህንም ቀን እየዘለሉ ይሠሩታል። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2015 ዓ.ም. በታተመ የዴንማርክ ጥናት፥ ይህን የሠሩት ጅማታቸውን ከወጠሩት ይልቅ በ3 ወር ውስጥ በብዙ ተሽሏቸው ተገኝተዋል፤ ዓመት ሲሞላ ግን ሁለቱም ወገኖች ተካክለዋል። ማታም በቀዝቃዛ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ ከእግር ሥር አድርጎ ማንከባለል ሕመሙን ያበርዳል።

“ዕረፍት አድርግ” የሚለው ምክር ለባለ ደመወዝ ይቀላል። ቡና በሚለቀምበት ወራት ለዚያች እናት ዕረፍት ማለት ጾም ማደር ነው። ባለሙያው ለእርሳቸው የነገራቸው ይህን ነበር፦ ሸክሙን በአንድ ጊዜ ከማውረድ ይልቅ ለሁለት መክፈል፥ ቁልቁለቱን ቀስ ብሎ መውረድ፥ በየመንገዱም ቁጭ ብለው ከተነሡ ሳይራመዱ በፊት ጣቶቻቸውን መሳብ።

በተረከዝ ላይ የሚሰጥ የኮርቲዞን መርፌ ለጥቂት ሳምንታት ፋታ ይሰጣል፤ ነገር ግን ጅማቱ እንዲበጠስ፥ የተረከዝም ስብ እንዲሳሳ ሊያደርግ ይችላልና ያለ ብልኅ ሐኪም ምክር አይወሰድም። ተረከዙ ያበጠና የቀላ፥ ትኵሳት ያለበት፥ ሌሊት ተኝቶም የሚያመው፥ እግሩ የደነዘዘ፥ ከወደቀ በኋላ መርገጥ ያቃተው ወይም የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ግን ይህን ጽሑፍ ይዞ ቤቱ አይቀመጥ፤ ፈጥኖ ይመርመር። በቦንጋ የገብረ ጻድቅ ሻዎ ሆስፒታል አለ፤ ከዚያ ለሚያልፍ ነገር የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል አለ።

የእኛ እግር ተሻለው ለማለት 8 ወር ፈጀ። በሦስተኛው ሳምንት ለውጥ ስላላየን ልንተወው ደርሰን ነበር፤ የያዘን የባለሙያው ቃል ነው፤ ከ10 ሕሙማን 8 ወይም 9 ያህሉ ያለ ቀዶ ሕክምና በአንድ ዓመት ውስጥ ይድናሉ ብሎን ነበርና። እናቲቱንም ኋላ በገበያ አገኘናቸው፤ “ገና አልለቀቀኝም፥ ግን ጧት ሳልጮኽ እነሣለሁ” አሉን።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ ከዚህ ሁሉ የተማርነው አንድ ነገር ነው። ይህን ሕመም የሚያጸናው የጅማቱ ድካም ብቻ አይደለም፤ የእኛ ችኰላ ጭምር ነው። በብዙ ዓመት የደከመውን ጅማት በአንድ ቀን እሳት ወይም በአንድ መርፌ ልናድሰው እንሻለን። እርሱ ግን የሚሻው በየጧቱ ጥቂት ደቂቃ ነው። ስለዚህ በቤታችሁ ጧት ግድግዳ ይዞ የሚራመድ አባት ወይም እናት ቢኖር፥ “እርጅና ነው” ብላችሁ አትለፉት፤ ከአልጋው ሳይወርድ እግሩን ያዙና ጣቶቹን መሳብ አስተምሩት።