ለቤት የእንጨት ሥራ የአቧራ መሳቢያ ስንመርጥ

አንድ ሰዓት ያህል ጣውላ በብርጭቆ ወረቀት ሲያለሰልስ የቆየ ሰው ነጭ መሐረብ አውጥቶ አፍንጫውን ቢጠርግ ምን እንደሚያይ ለሠልጣኝ ጓደኞቻችን መንገር አያስፈልግም። እኛን ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣን ግን መሐረቡ ላይ ያልቀረው አቧራ ነው። እሱ የት ገባ?

እኛ አምስት የእንጨት ሥራ ሠልጣኞች ነን። ቅዳሜና እሑድ ከመካከላችን በአንደኛው ቤተሰብ ጓሮ ባለች ክፍል ውስጥ ዱካ፣ የመጽሐፍ መደርደሪያና የጥቁር ሰሌዳ ማስመሪያ እየሠራን የኪስ ገንዘብ እናገኛለን። ክፍሏ 4 ሜትር በ3 ሜትር ስትሆን ቁመቷ ሁለት ሜትር ተኩል ነው። ያለን ንብረት አንዲት አነስተኛ የጠረጴዛ መጋዝ፣ አንድ የእጅ ማለስለሻ ማሽንና አንድ መሰርሰሪያ ነው። ከግድግዳው ወዲያ የጓደኛችን ታናናሾች ይተኛሉ። አንድ ቀን እናቱ ከልጆቹ አንሶላ ላይ የጠራረጉትን ቡናማ ዱቄት በመዳፋቸው ይዘው መጡና «ይኼ የናንተ ነው፤ ውሰዱት» አሉን። የምንገባበት ጠፋን።

በዚያው ሳምንት አዋጥተን መሣሪያ ለመግዛት ተስማማን። የመጀመሪያው ግዢያችን ስሕተት ነበር። ሳናነብና ሳንጠይቅ ከአንድ ሱቅ ምንጣፍ የሚጠረግበትን የቤት ቫኪዩም ገዛን። ሻጩ «2000 ዋት ነው፣ ድንጋይ ያነሣል» ብሎን ነበር። ከጠረጴዛ መጋዙ ሥር አሰርነው። ሁለት ጣውላ እንደ ቀደድን ከረጢቱ ታፈነ፣ ድምፁ ቀጠነ፣ አንዳች የሚያር ነገር መሽተት ጀመረ። እንዲህ ዓይነቱ ቫኪዩም ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው በሚስበው አየር ስለሆነ ከረጢቱ ሲታፈን ሞተሩም ይታፈናል። ይህን ያወቅነው ግን በኋላ ነው። በሦስተኛው ቅዳሜ አረፈ፤ የሁለት ወር መዋጯችንም አብሮት አረፈ። መጻሕፍት ማገላበጥና መምህራኖቻችንን መጠየቅ የጀመርነው ከዚያ ወዲህ ነው።

መጀመሪያ የተማርነው ነገር ሁሉም አቧራ አንድ አለመሆኑን ነው። የመላጊያ ፍቅፋቂና የመጋዝ ሰጋቱራ ከባድ ስለሆኑ መሬት ይወድቃሉ፤ በመጥረጊያ ይነሣሉ። አስቸጋሪው ደቃቁ ነው። የአቧራ ቅንጣት የሚለካው በማይክሮን ሲሆን አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። የሰው ጠጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ያህል ይሆናል። ከ10 ማይክሮን በታች የሆነው ቅንጣት አፍንጫንና ጉሮሮን አልፎ ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ በዓይንም አይታይም። ማሽኑ ከቆመ በኋላ ለሰዓታት አየር ላይ ይንሳፈፋል። ሥራ ጨርሰናል ብለን እዚያው ክፍል ቁጭ ብለን ሻይ ስንጠጣ የምንተነፍሰው እሱን ነው። ብርጭቆ ወረቀትና ማለስለሻ ማሽን ይህን ደቃቅ በብዛት ያወጣሉ፤ ኤም.ዲ.ኤፍ. የሚባለው ተጨምቆ የተሠራ ጣውላም እንዲሁ፤ በእሱ ላይ ደግሞ የማጣበቂያው ኬሚካል ይጨመርበታል።

ነገሩን እያጋነንን እንዳይመስል አንድ ታሪክ እንጥቀስ። በእንግሊዝ አገር ሃይ ዊኮም የምትባል በወንበር ሥራ የታወቀች ከተማ አለች። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዚያ አካባቢ የነበሩ ሐኪሞች ሌላ ቦታ እምብዛም የማይገኝ የአፍንጫ ውስጥ ካንሰር በቤት ዕቃ ሠራተኞች ላይ ተደጋግሞ እንደሚታይ አስተዋሉ። ሐኪሟ ኤስሚ ሃድፊልድና ባልደረቦቻቸው ጥናቱን በ1968 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ1995 እ.ኤ.አ. የእንጨት አቧራን በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው ከተረጋገጠ ነገሮች ምድብ አስገባው። እርግጥ እነዚያ ሠራተኞች ለብዙ ዓመታት ፋብሪካ ውስጥ የዋሉ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዱካ የሚሠራ ሰው ከእነሱ ጋር እኩል አይቆጠርም። አስምና የቆዳ ማሳከክ ግን ያን ያህል ዓመት አይጠብቁም።

በእንግሊዝ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ የሠራተኛው አየር በ8 ሰዓት አማካይ ሲለካ ሰፋፊ ቅጠል ካላቸው ዛፎች የሚወጣው አቧራ በአንድ ሜትር ኩብ ከ3 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ፣ የጥድ ወገን ከሆኑት የሚወጣው ከ5 እንዳይበልጥ ተወስኗል። ከእኛ ዛፎች ዋንዛና ባሕር ዛፍ ከፊተኛው፣ ዝግባና ጥድ ከኋለኛው ወገን ናቸው። የእኛን ክፍል እናስላ። 4 በ3 በ2.5 ሲባዛ 30 ሜትር ኩብ ነው። በ3 ሚሊ ግራም ሲባዛ 90 ሚሊ ግራም ይሆናል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ የዚያ አንድ አርባኛ እንኳ የማይሞላ ዱቄት አየሩ ላይ ቢበተን ክፍሏ ልኩን ሞላች ማለት ነው። እናትየው በመዳፋቸው ይዘው የመጡት ከዚህ ብዙ እጥፍ ነበር።

እንግዲህ ወደ መሣሪያው እንምጣ። አቧራ የሚስቡ መሣሪያዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ የእኛ ጥፋትም ሁለቱን አለመለየታችን ነው። ቫኪዩም ስበቱ ኃይለኛ፣ የሚያንቀሳቅሰው አየር ግን ጥቂት ነው። በቱቦ ውኃ ሽቅብ ቢስብ ደኅና የወርክሾፕ ቫኪዩም 2 ሜትር ያህል ያወጣዋል። ዋናው የአቧራ መሳቢያ፣ ማለትም ትልቅ ማራገቢያና ከረጢት ያለው፣ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ቢያወጣ ነው። ታዲያ ደካማ ነው ማለት ነው? አይደለም፤ በሰዓት የሚያንቀሳቅሰው አየር የቫኪዩሙን ብዙ እጥፍ ነው። ገበሬ አውድማ ላይ ሲያዘራ የሚጠብቀው ሰፊና የማይቋረጥ ነፋስ ነው። በወናፍ አፍ የሚወጣው እፍታ ብረት ያግላል እንጂ ገለባ አይለይም። ቫኪዩሙ እንደ ወናፉ፣ አቧራ መሳቢያው እንደ አውድማው ነፋስ ነው። ስለዚህ አፋቸው ጠባብ ለሆኑት ለማለስለሻና ለመሰርሰሪያ ቫኪዩም ይበቃል፤ ለጠረጴዛ መጋዝና ለመላጊያ ማሽን ግን ሰፊው ነፋስ ያስፈልጋል።

የቧንቧው ስፋት ቀላል ነገር ይመስላል፤ የሒሳብ ሠልጣኞች ይታዘቡን። ሰጋቱራ ቧንቧ ውስጥ ሳይቀመጥ እንዲጓዝ አየሩ በሰከንድ 20 ሜትር ያህል መፍጠን አለበት። ዲያሜትሩ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቧንቧ አፉ 0.00785 ካሬ ሜትር ነው። ይህ በ20፣ ከዚያ በ3600 ሰከንድ ሲባዛ በሰዓት 565 ሜትር ኩብ አየር ይሰጣል፤ ለአነስተኛ የጠረጴዛ መጋዝ የሚፈለገውም እዚያው አካባቢ ነው። ቧንቧው 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆንስ? ግማሹን የሚያሳልፍ ይመስላል፤ አፉ ግን ሩብ ስለሚሆን የሚያልፈው 141 ብቻ ነው። በሰፊ መሣሪያ አፍ ላይ ማጥበቢያ ገጥሞ ቀጭን ቱቦ የሚያስር ሰው የገዛውን ሦስት አራተኛ መልሶ ለሻጩ ሰጠ ማለት ነው። ሽብሽብ ጎማም ከለስላሳ ቧንቧ ይልቅ አየሩን ይይዘዋል፤ መታጠፊያ ሲበዛም እንዲሁ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የአየር መጠን ብዙውን ጊዜ ቧንቧም ማጣሪያም ሳይገጠም የተለካ ስለሆነ እሱን አምኖ መግዛት አይበጅም።

ከሁሉ በላይ የምንለው ግን ስለ ማጣሪያው ነው። ርካሽ የአቧራ መሳቢያዎች 30 ማይክሮን ድረስ ብቻ የሚይዝ የጨርቅ ከረጢት ይዘው ይመጣሉ። ከዚያ በታች ያለው በከረጢቱ አልፎ ይወጣል። እንግዲህ አስቡት፤ ማሽኑ ወለሉን ያጸዳል፣ ሰጋቱራውን ይበላል፣ ሳንባ የሚገባውን ደቃቅ ግን ከአንድ ጥግ ስቦ በክፍሉ ሁሉ ይረጨዋል። ክፍሉ የጸዳ ይመስላል እኮ! እንዲህ ያለውን ከመግዛት በሩን ከፍቶ መሥራት ይሻላል። ሲገዙ መጠየቅ ያለበት «ስንት የፈረስ ጉልበት ነው?» ብቻ ሳይሆን «ማጣሪያው እስከ ስንት ማይክሮን ይይዛል?» ነው። 1 ማይክሮን ወይም ከዚያ በታች የሚል ከሆነ ደኅና ነው። ከረጢቱን ከግድግዳው ውጭ አድርጎ አየሩን ወደ ደጅ መልቀቅም ይቻላል፤ ጎረቤት ልብስ የሚያሰጣበት ወገን እንዳይሆን ብቻ።

ማጣሪያ ደቃቅ ሲሆን ቶሎ ይደፈናል። ለዚህ የተገኘው ዘዴ ሳይክሎን ነው። አየሩ ከላይ ወደ ታች እየጠበበ በሚሄድ ዕቃ ውስጥ በጎን ገብቶ ይሽከረከራል፤ ከባዱ ወደ ግድግዳው ተገፍቶ ከታች ወዳለው በርሜል ይወርዳል፣ አየሩ በመካከል ሽቅብ ወጥቶ ወደ ማጣሪያው ይሄዳል። ደቃቁን ሁሉ አያስቀርም፤ አብዛኛውን ሸክም ግን ከማጣሪያው ላይ ያነሣል። በርሜሉ አየር የሚያስገባ ከሆነ ወይም ሞልቶ ከፈሰሰ ግን ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ስለ መብራትም አንድ ነገር አለ። ከመካከላችን አንዱ «አሜሪካ ያሉት አጎቴ ይልኩልናል» ብሎ አስደስቶን ነበር። የእነሱ መብራት 120 ቮልት 60 ኸርዝ፣ የእኛ 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል፤ ኸርዙን ግን አይነካውም። የትልልቆቹ አቧራ መሳቢያዎች ኢንዳክሽን ሞተር ፍጥነቱ ከኸርዙ ጋር ስለሚሄድ ከስድስት እጅ አምስቱን ብቻ ይዞራል። የአየሩም መጠን በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ስበቱማ ከመቶ ወደ 69 ይወርዳል፣ ሞተሩም ይግላል። ካርቦን ያለው የቫኪዩም ሞተር በኸርዝ አይቸገርም፤ ቮልቱ ከተስተካከለለት ይበቃዋል። አጎትየውን አመስግነን ተውነው። የቤቱንም መስመር ማሰብ ያስፈልጋል። 1500 ዋት መጋዝና 1200 ዋት ቫኪዩም ባንድነት ከ12 አምፔር በላይ ይወስዳሉ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጨመርማ ቆጣሪው ይዘጋል፤ ስለዚህ እናትየው እንጀራ ሲጋግሩ እኛ ስለት እንስላለን።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የትኛውን መረጥን? ክርክሩ ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። አንዱ ጓደኛችን «ትልቁን ገዝተን አንዴ እንገላገል» ሲል ቆየ። የመላጊያ ማሽን ቢኖረን እሱ ልክ ነበር። እኛ ግን ደቃቁን የሚያወጣብን ማለስለሻው መሆኑን ስላየን ሞተሩ ለብቻው የሚቀዘቅዝና ደቃቅ ማጣሪያ ያለው የወርክሾፕ ቫኪዩም ገዛን። ከፊቱ ክዳን ባለው ባልዲ ላይ የተገጠመች ትንሽ የፕላስቲክ ሳይክሎን አቆምን። ጎማው በቀጥታ ማለስለሻው ላይ ይታሰራል፤ አቧራ ከተነሣ በኋላ ከማሳደድ ሲወለድ መያዝ ይቀላልና። የጠረጴዛ መጋዟን በኮምፔንሳቶ ከሥሯ ዘግተን፣ ዝናብ ከሌለ ወደ ጓሮው አውጥተን እንሠራባታለን። ይህ ሙሉ መፍትሔ አይደለም፤ ክረምት ሲገባ ምን እንደምናደርግ ገና አልቆረጥንም። ገንዘብ ሲገኝ የምንፈልገው አፉ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ማጣሪያው 1 ማይክሮን የሆነውን ነው።

መሣሪያ ለሌለው ጓደኛችን ደግሞ፦ ደጅ መሥራት፣ በደረቁ አለመጥረግ፣ በእርጥብ ጨርቅ ማንሣት። አፍን በነጠላ ማሰር ሰጋቱራውን ይከለክል እንደሆነ እንጂ ደቃቁን አያቆምም፤ ኤን 95 የሚባለው ዓይነት ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ጭምብል ያስፈልጋል። ጢም ያላችሁ ሠልጣኞች በጢሙ በኩል አየር እንደሚገባ እወቁት። ብረት የተሞረደበትን ፍንጣሪ ሰጋቱራ ባለበት ቫኪዩም መሳብ ደግሞ እሳት መጫር ነው።

መሣሪያው መሥራቱን የምናውቀው በባትሪ ነው። ከመሸ በኋላ አንድ ጣውላ እናለሰልሳለን፤ መብራቱን አጥፍተን የባትሪውን ጨረር በክፍሉ ውስጥ አግድም እናበራለን። መሣሪያ ሳይኖረን ጨረሩ ጉም ውስጥ እንደገባ የመኪና መብራት ነበር። አሁን ቅንጣቶቹን ለመቁጠር ምንም አይቀረን። ባለፈው ቅዳሜ ግን በቫኪዩሙ በኩል ያለው ጥግ እንደገና ጉም ለበሰ። ብንፈትሽ የክዳኑ ጎማ ተጣሞ ኖሯል፤ ከብስክሌት ከመነዳሪ ቀለበት ቆርጠን አደረግንለት። እናትየውም ቢሆኑ አንሶላውን መፈተሽ አልተዉም። ቀለበቱ መያዝ አለመያዙን በሚመጣው ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ እናያለን፤ ማየት የሚፈልግ ባትሪውን ይዞ ይምጣ።